ያቺ ሰያፍ ቀስት

ተማሪዎቿ «ኮሳይን» የሚሏት የፊዚክስ መምህርት ክፍል ውስጥ በትዕግሥቷ የታወቀች ናት። አንዱን ነገር ደጋግመው ቢጠይቋትም ፈገግ ብላ ታስረዳለች። ቤቷ ገብታ ታላቅ እህቷን ልታስጠና ጠረጴዛ ዙሪያ ስትቀመጥ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት የት እንደሚገባ እሷም አታውቀውም። ቆሽቷ ያርራል። እህት መቼም እንደ ተማሪ «ውጪ» አይባልም።

እትዬ የምትላት ይህችው ታላቅ እህቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ ታናሿን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ጎልምሳ ደግሞ የማታ ትምህርት ጀመረችና ሁሉንም አልፋ ፊዚክስ ብቻ ቀራት። ሁለቴ ወድቃለች። የሰኞው ፈተና የመጨረሻዋ ነው፤ ደንቡ ከሦስት ጊዜ በላይ አይፈቅድም። ካለፈች አለቃዋ ከእጥበት ክፍሉ አውጥቶ ካርድ ክፍል ወንበር ላይ ሊያስቀምጣት ቃል ገብቶላታል።

የሚያሰናክላት አንድ ነገር ነው። ጥያቄው ላይ አንድ ሰውዬ ሣጥን በገመድ አስሮ ወደ ላይ አዘንብሎ ይጎትታል፤ ሣጥኑ ወለሉ ላይ ይንሸራተታል። ያንን በቀስት የሚሳል ሰያፍ ጉልበት ለሁለት መክፈል ነው፤ አንዱን አግድም፣ አንዱን ሽቅብ። ከዚያ ሰያፏን ቀስት ሰርዞ በሁለቱ መሥራት። እትዬ መክፈሉንስ ትከፍላለች። ሳይኑንም ኮሳይኑንም አታሳስትም። መሰረዙ ላይ ስትደርስ ግን እርሳሷ ያንገራግራል። ሦስቱንም ቀስቶች ትደምራቸውና ሣጥኑ እንደ ጥይት ይፈተለካል።

ምነው ሲሏት፣ ሰውየው ገመዱን መቼ ለቀቀ ትላለች። ላቡ ጠብ እስኪል የሚጎትተውን ሰው በየትኛው አንጀቴ ልሰርዘው ትላለች። መምህሯ ሰውየውን ማንም አልሰረዘውም፣ ሁለቱ ቀስቶች እሱው ራሱ ናቸው ብላ ታስረዳታለች። እትዬ እሺ ትላለች፤ እሺ ባለችበት አፍ ሦስቱን ትደምራለች።

አሁን ይህ ምን ይባላል? ድንጋይ ቢሆን ይሰማ ነበር። መምህሯ በቀይ ጻፈች፣ በሰማያዊ ጻፈች። ብርቱካን ለሁለት ገምሳ፣ ሁለቱን ግማሾች ከያዝሽ በኋላ ሙሉው ታዲያ የት አለ ብላ ጠየቀቻት። እትዬ አንዱን ግማሽ ልጣ አጎረሰቻትና፣ ሰሞኑን ከስተሻል፣ ምሳ አትበዪም መሰለኝ አለቻት።

ነገሩ የፈነዳው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እትዬ ያንኑ ስህተት ደገመችው፤ ያውም ረክታ፣ መልሱን ከሥሩ አስምራበት። የመምህሯ ደም ፈላ።

«እትዬ፣ በቃ ተይው። አንቺ ለዚህ አልተፈጠርሽም።»

ወዲያው ምላሷን ነከሰች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። እትዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ሰኞም እንደማትፈተን ተናገረች። መምህሯ ክው ብላ ስለ ካርድ ክፍሉ ወንበር፣ ስለሚያማት ወገቧ፣ ስለ አለቃዋ ቃል ትለፈልፍ ጀመር።

«ወንበሩን ማን ፈለገው» አለች እትዬ። «ጓደኞችሽ እዚህ ሲመጡ በዚሁ በፊዚክሳችሁ እየቀለዳችሁ ትስቃላችሁ፣ እኔ ሳይገባኝ ብርጭቆ አነሳለሁ። አንድ ቀን እንኳ በምትስቁበት ቦታ ልስቅ ብዬ ነው።»

መምህሯ የምትገባበት ጠፋት። እንግዶቿ ሲመጡ እህቷ ወደ ጓዳ የምትመለሰው ሥራ በዝቶባት ይመስላት ነበር። አፈረች፤ በእህቷ ሳይሆን በራሷ። በዚያ ቤት ይቅርታ መባባል ስላልተለመደ ባዶ ወረቀት ሳበች። ሣጥኑንም ሰውየውንም ተወቻቸው። ሥራ ቦታ የምትገፊውን ጋሪ እስቲ አሳዪኝ አለችና እርሳሱን አቀበለቻት።

እትዬ ቅር እያላትም ቢሆን ሳለችው። እርጥብ አንሶላ የሚጫንበት የብረት ጋሪ ነው። መያዣው ዝቅ ያለ ነው፣ እሷ ደግሞ ሎጋ ናት፤ ስትገፋው ክንዶቿ ወደ ታች ያዘነብላሉ። መምህሯ አንግሉን ሠላሳ ዲግሪ በይው አለቻትና አፏን ዘጋች። ዝም ማለት ለመምህር ቀላል አይደለም፤ ሁለቴ ልትናገር አፏን ከፍታ ቃሉን መልሳ ዋጠችው። እትዬ አግድሙን አወጣች። ወደ ታች የሚሄደውንም አወጣች። የሠላሳ ሳይን ግማሽ ነው፤ ግማሽ ብላ ጻፈች፣ አጠፋች፣ መልሳ ግማሽ አለች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት እርሳሱን ጫን አድርጋ ሰያፏን ቀስት ሰረዘቻት።

«ቆይ» አለች። «ይቺ ወደ ታች የምትሄደው ጋሪውን ወደፊት አትወስደውም።»

«አትወስደውም።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለች?»

«ወለሉ ላይ ትጫነዋለች። ለመግፋት ይብስ ይከብድሻል።»

እትዬ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ አየችው።

«እና እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ወለሉን ስገፋ ነዋ የኖርኩት!»

ሳቋ አመለጣት። ጠረጴዛውን እየደበደበች፣ ወገቧን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች ቀና አለችና፣ አንቺስ ምነው አትስቂም ብላ ታናሿን ጠየቀቻት።