አስካለ መኻን አልነበረችም

ባለፈው ሳምንት ቄራ ወርጄ ሳለ ከመንዝ የመጣ ጦስኝ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ስደርስ ሽታው ቀጥ አድርጎ አቆመኝ፤ አንድም ቀን ረግጬው የማላውቀው አገር በአፍንጫዬ ገብቶ ካዛንቺስ፣ ጋሽ ተክሌ ሳሎን ውስጥ፣ በዐሥራ አምስት ዓመቴ አስቀመጠኝ።

ጋሽ ተክሌ የእናቴ አገር ልጅ ነበሩ። አገራቸው ዋሻ አምባ በመንዝ ገደል አፋፍ ላይ የተሰካች፣ ከአንድ አባት ከወልዴ የወረዱ ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ነበረች። አዲስ አበባ የገቡት ተወላጆች በየወሩ ለማኅበረ ማርያም እሳቸው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጦስኝ በሻይ እየተፈላ ይታደላል፤ ከዚያ ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ትውልዱን ከወልዴ ጀምረው ይቆጥራሉ። ወልዴ ገብሬንና አስካለን ወለደ። ገብሬ የእሳቸው ቅድመ አያት ስለሆኑ ያ መስመር እንደ ቅዳሴ ይረዝማል። አስካለ ጋ ሲደርሱ ግን፣ «እሷ መኻን ነበረች» ብለው ያልፋሉ።

እናቴ የአስካለ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። ርስት በነበረበት ዘመን የጋሽ ተክሌ አያት የአስካለን መሬት ጠቅልለው ሲይዙ፣ ወራሽ እንዳይነሳባቸው ልጆቿን ከቆጠራው ፋቁ። ኋላ መሬቱ የመንግሥት ሆነ፤ ውሸቱ ግን በውርስ ለጋሽ ተክሌ ደረሰ። ስለዚህ እናቴ፣ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ሁሉ የሚያከብሯት ታይፒስት፣ በማኅበሩ ቀን «ያቺ የአገራችን ሴት» ተብላ ጓዳ ወጥ ስታማስል ትውላለች። ለምን እንደምትሄድ ሳልረዳት ኖሬያለሁ። ለእኔ ግን ቤታችን ስንገባ ፀጉሬን ሹሩባ እየሠራች በየጉንጉኑ አንድ ስም ታስቆጥረኝ ነበር፤ እናቴ፣ አባቷ፣ ሀብቴ፣ አስካለ፣ ወልዴ፣ እስከ ሰባት ቤት። ከተሳሳትኩ ትጎትተዋለች። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ፀጉሬ ለምን እንደዚያ እንደሚጠብቅ ይጠይቁኝ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለጋሽ ተክሌ ልጅ ሚስት ልትታጭለት ሆነ። የልጅቷ አባት ጎተራ አካባቢ የሚኖሩ ባለ ጭነት መኪና ናቸውና ጋሽ ተክሌ ከደስታ ብዛት ሳሎናቸውን አዲስ ቀለም አስቀቡ። እንደ ወጉ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እስከ ሰባት ቤት አለመዛመዳቸው በንስሐ አባታቸው ፊት መቆጠር ነበረበት። እናቴ እንደተለመደው ጓዳ ናት፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ብርጭቆ እወለውላለሁ። የልጅቷ አባት ራሳቸውን ጠሩ፣ አባታቸውን ጠሩ፣ ቀጥለው ከዋሻ አምባ በልጅነቷ ቡልጋ ተድራ የቀረች ደስታ የምትባል አያት ጠርተው፣ ከእሷ በላይ እንደማያውቁ ተናገሩ። ጋሽ ተክሌ ሳል ቢጤ ሳሉና፣ «የለም፣ አንገናኝም» አሉ።

እናቴ እጇን በመቀነቷ ጠራርጋ ወጣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ጋሽ ተክሌ፣ ደስታ የማን ልጅ ነበረች?»

«አንቺ ወጡን አታዪም?»

«ወጡ ደርሷል። እርስዎ ይንገሩን።»

ደስታ የአስካለ ልጅ፣ የሀብቴ እህት መሆኗን ጋሽ ተክሌ ከማንም በላይ ያውቁታል። ይህን ካመኑ ሙሽራና ሙሽሪት የአንድ ወልዴ ዘር ናቸውና ሰርጉ ይቀራል፤ አስካለም ወላድ ትሆናለች። ከካዱ ልጃቸውን ከሥጋ ዘመዱ ጋር ሊያጋቡ ነው። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ፊታቸው ዘረጉና፣ «ይህን ስመህ ተናገር» አሏቸው።

ጋሽ ተክሌ መስቀሉን አልሳሙም። መሬት መሬት እያዩ፣ «የአስካለ» አሉ።

ሰርጉ ቀረ። ማኅበርተኛው እናቴን «ሰርግ አፍራሽ» አላት፤ ዛሬም የሚሉ አሉ፣ ስማቸውን አውቀዋለሁ። ልጅቷ ግን ስታገኘኝ እስካሁን «እህቴ» ትለኛለች፤ ከሞት የተረፈች ያህል አቅፋ ነው የምትስመኝ። በቀጣዩ ወር እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች፤ ጓዳ አልገባችም፣ ሳሎን መሀል ተቀመጠች። ጋሽ ተክሌ ሲቆጥሩ አስካለና ልጆቿ ጋ ድምፃቸውን አሳነሱ። «አልሰማንም» አለች። ደገሙት። ከዚያ በኋላ በየወሩ እንዲሁ ሆነ፤ እሳቸው ያሳንሳሉ፣ እሷ ታስደግማለች፣ እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ እንደ ንግሥት ልጅ አንገቴን አቀናለሁ።

ያ ቤት ፈርሶ ሕንፃ ቆሞበታል። ማኅበርተኛው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኖ ሲገናኝ የሚጠያየቀው የብሎክ ቁጥር ነው። ልጆቼን ትውልዱን ሳስቆጥራቸው አያታቸው ላይ ሲደርሱ «በቃ እማዬ» ይሉኛል። እናቴ ሞታለች፤ ጋሽ ተክሌም ሞቱ። ይቅር አላልኳቸውም፣ አልልምም። ነገር ግን እሳቸው ከተቀበሩ ወዲህ የአስካለን ስም ከእኔ ሌላ የሚቆጥር፣ ድምፁን አሳንሶ እንኳ የሚጠራ ሰው አጣሁ።