ለሐምዲያ የሚቀል ኮምፒውተር

ሐምዲያ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትመጣ ከሷ በፊት የሚደርሰው ትንፋሿ ነው። ካርቱም፣ ሪያድ ሠፈር አንድ ቪላ ውስጥ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ እዚያው ታድራለች። ወደ ቤቷ የምትመጣው ለጁምዓ እረፍቷ ብቻ ነው። ቤቷ ማለት ዴም የሚባለው ሠፈር ከኔ ጋር የተከራየነው ግቢ ነው። እኔ ወይንሸት እባላለሁ፤ በር ላይ ሻይ እሸጣለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ልጇን አብራርን የምጠብቅላትም እኔው ነኝ። እሷ የወሎ እስላም፣ እኔ የጎጃም ክርስቲያን ነን። ካርቱም ላይ ይህን የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ኪራይ ነው።

አብራር እዚሁ ተወለደች፣ ዐረብኛ ትምህርት ቤት ገባች፤ አማርኛዋ ከእንቅልፍና ከምሳ አያልፍም። የሐምዲያ ዐረብኛ ደግሞ ሱዳኖቹን ሳይቀር የሚያታልል ነው፤ ግን የጓዳ ዐረብኛ ነው። ስለ ሽንኩርትና ስለ መጥረጊያ ይበቃል፣ ለልጅ ልብ አይደርስም። ማንበብማ ጭራሽ አትችልም፤ የምታነበው ወሎ ሳለች በመሠረተ ትምህርት የተማረችውን ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር እናትና ልጅ ተፋጠው ይውላሉ። ልጅቷ የምትለው ነገር ካላት በኔ በኩል ነው የምትልከው።

«ወላሂ ወይንዬ፣ ላሳድጋት ስል አጣኋት» አለችኝ አንድ ቀን፣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ። ሳፋው ላይ ሙቅ ውሃ ጨመርኩላት።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት የአሠሪዋ ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ገዛና አሮጌውን ለሐምዲያ ሰጣት። ማሽኑ ቫይረስ በልቶታል፤ ሲከፈት ያቃስታል እንጂ አይሠራም። እሷ ግን እቅፍ አድርጋ ይዛው ወጣች። ጁምዓ ጁምዓ ከልጄ ጋር አብረን እንቀመጥበታለን፣ የምናወራው እናገኛለን ብላ ነው። ሐሙስ ከሥራ እንደወጣች፣ ከነድካሟ ሁለት ሃፍላ፣ አውቶቡስ ማለት ነው፣ ቀያይራ የወንዙን ድልድይ ተሻገረችና ባሕሪ ሠፈር ጂብሪል ዘንድ ደረሰች። ጂብሪል ኮምፒውተር የሚጠግን ሱዳናዊ ጎልማሳ ነው።

«ኻልቶ አክስቴ፣ የነበረውን ፕሮግራም በኮፒ ዲስክ ብመልስልሽ በወሩ ይታመማል» አላት። «ነጻ የሆኑ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሊኑክስ ይባላሉ። ማንም ይወስዳቸዋል፣ የቻለም ውስጣቸውን ከፍቶ ያሻሽላቸዋል።»

አንዱን አሳያት፤ ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ በእጅ የሚጻፍበት ነው። «ይኼስ ለተማረ ሰው ነው፣ ይለፈኝ» አለች። ሌላው ያምራል፣ ግን ለአሮጌ ማሽን ከበደ። ሦስተኛው ኡቡንቱ የሚሉት፣ ቡናማ መልክ ያለው ነው። ዲስኩን ከተው የላፕቶፑን ሆድ ሳይነኩ ይሞክሩታል፤ ገበያ ላይ ቴምር ሳይገዙ እንደ መቅመስ። ለጀማሪ የሚቀለው ይኼ ነው አላትና ወደደችው። እሱም ዐረብኛዋን ሰምቶ በዐረብኛ ጫነላት። ማንበብ አልችልም ማለት አፈረች። «ጠይብ፣ እሺ» ብላ ይዛው መጣች።

በማግስቱ አብራር ጣቷ ሮጠ። ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ብቻዋን ትስቃለች። እናትየው በገዛ ላፕቶፗ ፊት እንደ እንግዳ ዳር ላይ ቁጭ አለች፤ ምሳ እስኪደርስም አልተነሳችም። እኔን አናደደኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ መልሶ ወደ ባሕሪ ሆነ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሻዬን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ።

«ምን ጎደለው?» አለ ጂብሪል።

ሐምዲያ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እናገራለሁ እንጂ ዐረብኛ ማንበብ አልችልም» አለች። ያን ያህል ዘመን አውቄያት ይህን ለሰው ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ጂብሪል አልሳቀባትም። ዲስኩን መልሶ ሲከተው የዓለም ቋንቋ ሁሉ ተደርድሮ ብቅ አለ። እሱ ሊያልፈው ሲል ሐምዲያ ሶዳ የበላው ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ «አማርኛ» ይላል።

«ይቀላል ያልኩሽ ለካ ለኔ የቀለለኝን ነው» አለ ጂብሪል።

ሁሉም ነገር አማርኛ ሆነ ማለት አይደለም። ግማሹ እንግሊዝኛ እንደሆነ ቀርቷል፤ ከተተረጎመውም እኛ ራሳችን ያልሰማነው ቃል አለበት። አብራር ግን ስታየው አበደች። «ደ ሸኑ? ምንድን ነው ይኼ? አይነበብም» ብላ ክዳኑን ጠረቀመችው። እናቷ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

ልጅ ደግሞ ላፕቶፕ ተዘግቶ አያስችላትም። ሰኞ ከፈተችው። ማክሰኞ መጣችና፣ «ኻልቶ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ። እኔ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። «ዐይኔ አያይም፤ ለናትሽ አቆዪላት» አልኳት። ረቡዕም መጣች፣ ረቡዕም ዐይኔ አላየም።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ አብራር እናቷን «ዩማ!» ብላ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ሐምዲያ በጣቷ እየተከተለች ፊደሉን አንድ በአንድ አነበበች፦ ፈልግ፣ ሰርዝ፣ አስቀምጥ። «አስቀምጥ»ን ስታስረዳ የራሷ እናት ወሎ እህል የምታስቀምጥበትን ጎተራ አነሳች፤ ከጎተራው ወደ አይጡ፣ ከአይጡ ወደ ድመቷ ሄደች። ልጅቷ አያቷ ድመት እንደነበራት ያን ቀን ነው የሰማችው። አንዱን ቃል ግን ሐምዲያም አላወቀችው። «ይኼንስ እንጃ፣ አብረን እንፈልገው» አለች፤ ሳይፈልጉት እንቅልፍ ጣላት። አፏ እንደተከፈተ።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። አንድ ከሰዓት አብራር ላፕቶፑን ይዛ አጠገቤ ስትነካካ ገጹ ድንገት ዐረብኛ ሆነ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ አማርኛ መለሰችው። ደነገጥኩ።

«መቀየር ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ዘማን፣ ድሮ አውቃለሁ። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው ያገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን ሳትቀይሪው ቀረሽ?»

ዐይኗን ከላፕቶፑ አላነሳችም። «ከቀየርኩትማ፣ ዩማ ጁምዓ ስትመጣ ምን እጠይቃታለሁ?» አለችኝ።