የካቦው እናት መቃብር

ወንድሜን የገደለው ወባ ነው ይላሉ። እኔ ካቦው ነው እላለሁ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳመን አይደለም። የእኔም ቃል እንዲኖር ነው።

ካቦ የምንለው ለመንግሥት እርሻው ሠራተኛ የሚያሰባስበውን፣ ወስዶም የሚያሠራውን ሰው ነው። እርሻው ከመቂ ወዲያ ነው። ስሙን አልጽፈውም። ካቦው ግን የእኛው የናዝሬት ሰው፣ የሰፈራችን ሰው ነው። አንድ እድር ውስጥ ነን። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን ከተከሉት አንዱ እሱ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ፣ «ልጁ እቤት ከሚቀመጥ ሥራ ላስገባው» ሲል ክፉ ያሰበ ሰው የለም።

ወንድሜ ማትሪክ ተፈትኖ ነጥብ አልመጣለትም። ቀን ቀን ጓዳ ተደብቆ ይውላል። ጊዜው የአፈሳ ጊዜ ነው። ጎረምሳ መንገድ ላይ ከተገኘ፣ መታወቂያ ከሌለው ደግሞ ይበልጥ፣ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ማሠልጠኛ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን።

«እርሻ ላይ ያለ አይነካም» አለ ካቦው። «መታወቂያውን ብቻ ስጡኝ። ለምዝገባ ነው።»

መታወቂያውን አውጥታ የሰጠችው እናቴ ናት። እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልላ ነበር የምታስቀምጠው። እንደተጠቀለለ፣ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«አደራህን» አለችው። «ወረቀቱንም ልጁንም።»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ? የእኔም ልጅ አይደል እንዴ?»

ወንድሜ ሳቀ። ሲሄድ የእኔን የትምህርት ቤት ሹራብ ሊወስድብኝ ፈልጎ ተጣላን። አልሰጠሁትም። ነገ ክፍል ምን ልለብስ ነው ብዬ።

ስለ እርሻው የሰማነው ከጓደኛዬ ነው። ጓደኛዬ ጋሪ ነጂ ነው። ከእርሻው የሚመጣውን ቲማቲም ከጭነት መኪናው፣ ከኤንትሬው ላይ አራግፎ ወደ ገበያ ያደርሳል። ታላቅ እህቱ እዚያው እርሻ ላይ ለቃሚ ነበረች። የመኪናው ረዳት ወሬ ያመጣለታል፤ እሱ ደግሞ ለእኔ።

እርሻው አጥር የለውም አለኝ። አያስፈልገውም። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። መታወቂያ የሌለው ኬላውን አያልፍም። መታወቂያው ደግሞ ካቦው ዘንድ ነው። ሲጠይቁት «ሥራው ሲያልቅ» ይላል። ለቀማው ሲያልቅ ተከላ ይመጣል። ተከላው ሲያልቅ የተባይ መድኃኒት ርጭት። ሥራ የሚባል ነገር ያልቃል እንዴ? እህቱ ከገባች ጀምሮ አንድም ቀን ናዝሬትን አላየችም።

ወንድሜን ርጭት ላይ መደቡት። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ፣ በቲማቲሙ መሀል ይውላል። እያደር የበላው አልረጋ አለው። ዓይኑ ያለቅሳል። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እቤቴ ሄጄ ልታከም ብሎ ካቦውን ለመነ። ካቦው ከለከለው። ወንድሜ እንዲሁ ያለ መታወቂያ ተነሥቶ ሄደ። ኬላው ላይ ያዙት። ወይ ወደ እርሻህ፣ ወይ ወደ ማሠልጠኛ አሉት። ካቦው ራሱ መኪና ይዞ መጥቶ ተረከበው። ይህን በኋላ ሰፈር ውስጥ እንደ ውለታ ነበር የሚያወራው። «ከዘመቻ አዳንኩት» እያለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ሬሳው የመጣው በኤንትሬው ነው። ሣጥኖቹን ገፋ ገፋ አድርገው በቲማቲሙ መሀል አስተኝተውት። ያወረደው ጓደኛዬ ነው። የዚያን ቀን ጋሪው ላይ ወንድሜን እንጂ ቲማቲም አልጫነም። ቲማቲሙን ሌላ ጋሪ አደረሰው። ገበያ ወጣ፤ ተሸጠ፤ ከተማው በላው።

ካቦው ለቅሶ ሲደርስ ባዶ እጁን አልመጣም። አንድ ሣጥን ቲማቲም አስጭኖ መጣ። ቀይ፣ አንድም ያልተመታ፣ ምርጥ ምርጡን። ሴቶቹ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ተቀብለው ወጥ ሠሩበት። ለቅሶ ቤት የመጣ አይመለስም። እናቴ ቀመሰችለት፤ ሰው እያያት ነበር። እኔ አልበላሁም። እስከ ዛሬ አልበላም።

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አይዞህ ጎረምሳው። አገሩ ወባ ነው፤ ምን ይደረግ።»

«መታወቂያውስ?» አልኩት።

«የምን መታወቂያ?»

«የወንድሜ።»

«ተው እንጂ። ለሞተ ሰው መታወቂያ ምን ያደርግለታል? እዚያ ኬላ የለ» አለና ቆሎ ዘገነ። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ሊስቅ ብሎ ሲያየኝ ተወው።

የካቦው እናት ግን ሌላ ሰው ነበሩ። አሮጊት ናቸው። ለቅሶው እስኪነሣ ከእናቴ ጋር ፍራሽ ላይ ሲውሉ ሲያመሹ ሰነበቱ። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ ወንድሜን በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። ልጃቸው ያደረገውን ይወቁ አይወቁ አልጠየቅኳቸውም።

ክሰስ ያሉኝ ነበሩ። ጓደኛዬ ሳቀባቸው። ስለ እርሻው ክፉ መናገር በምርት ላይ አሻጥር ነው የሚባለው። የሚታሰረው ከሳሹ ነው።

እኔ ሌላ ሌላ አሰብኩ። ቢላ አሰብኩ። ክብሪት አሰብኩ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እኔ የማየው የካቦውን በር ነበር። በሩ ሲነድ። እሱ ሲወጣ። ሲጮህ። ብዙ ቀን በዚህ ነው የዋልኩት፤ አላፍርበትም። የያዘኝ አንድ ነገር ነው። መታወቂያዎቹ ያሉት እዚያ ቤት፣ ከአልጋው ሥር ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቤቱን ባቃጥል የጓደኛዬ እህት በምን ትወጣለች? ወንድሜ የሞተበት እርሻ ላይ ሌሎቹን ቆልፌባቸው መቅረቴ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ጠዋት ጥሩምባ ተነፋ። የካቦው እናት ሞተዋል።

በእኛ እድር መቃብር የሚቆፍሩት ተራ የደረሳቸው የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው። ሐዘንተኛ አካፋ አይነካም፤ ትልቅ ነውር ነው። ሬሳም አያድርም። የዚያን ቀን ተራው የእኔና የጓደኛዬ፣ የሌሎች ሁለት ልጆችም ነበር።

ሄደን ጀመርን። የናዝሬት አፈር አመድ ነው። እየተጫወቱ የሚቆፍሩት ነው። ጉልበታችን ድረስ ስንደርስ አካፋዬን አቆምኩ። አስቀድሜ ለማንም አልነገርኩም። ለራሴም ቢሆን።

«ምነው?» አለኝ ጓደኛዬ።

«ድንጋይ ነው።»

እግሬ ሥር አየ። አፈር ብቻ ነው። ቀና ብሎ እኔን አየ። ከዚያ ዶማውን ጣለና ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

«አዎ» አለ። «የእኔ ፈረስም አይጎትተው።»

ሁለቱ ልጆችም ወጥተው ተቀመጡ። ምን እንደሆነ አልጠየቁም። የአንደኛው አጎት እርሻው ላይ ነበር።

የእድሩ ዳኛ መጡ። ባቡር ጣቢያ ሠርተው በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ? ፍትሐቱ እያለቀ ነው እኮ።»

«ድንጋይ ገጠመን አባባ።»

«እዚህ ግቢ ስንቱን ቀበርኩ። ድንጋይ አላየሁም።»

«ካቦው አልጋ ሥር ያለው ነው» አልኩ። «የሰዎቹን መታወቂያ ይዞ ይምጣ። ሁሉንም። ያኔ ይነሣል።»

ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። መልሰው አደረጉት።

«ሬሳ መያዣ አይደረግም ልጄ።»

«ሰውስ ይደረጋል?»

ዳኛው ዞር ብለው ቆሙ።

ሬሳው ደረሰ። ሰዉ ከኋላ ከኋላ ይመጣል። ካቦው ጥቁር ለብሶ ከፊት ነው። ጉድጓዱን ሲያይ ለቅሶውን አቋረጠ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ድንጋይ ገጥሟቸው ነው» አሉ ዳኛው። ከዚያ ጠጋ ብለው በጆሮው ነገሩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ይህን ለማየት ነበር የኖርኩት፤ ዓይኔን አልነቀልኩም።

«አድማ ነው!» አለ። «እናንተን ነው የማሳያችሁ። አንተን፣ አንተን በተለይ።»

«ምን አድማ አለ?» አሉ ዳኛው። «አድማ ያለው እኮ ሰው ሲናገር ነው። ልጆቹ አፋቸውንም አልከፈቱ።»

ካቦው ወደ ሌሎቹ ወንዶች ዞረ። እናንተስ እንደማለት። አንዱ ወገቤን አለ። አንዱ ጫማውን አየ። አንዱ ከጓደኛዬ ጎን ሄዶ ተቀመጠ። ካቦው ራሱ እጁን ወደ አካፋው ሰደደ። ከሴቶቹ በኩል «ኧረ በስመ አብ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እጁን ሰበሰበ።

ያን ጊዜ እናቴ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አሮጊቷን ትወዳቸው ነበር። ሬሳ ፀሐይ ላይ አቁሜ ምን እላታለሁ? ጉድጓዱ አጠገብ ደረሰች። እኔን አላየችኝም። ካቦውን ነው ያየችው።

«በሁለት እጄ የሰጠሁህ ነገር ነበር» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አደራ ብዬ።»

«እትዬ፣ አሁን ይሄ ጊዜው ነው?»

«ልጁን አመጣህልኝ። ወረቀቱ ቀረ።»

እናቴ ነጠላዋን ሰበሰበችና አፈር ክምሩ ላይ ተቀመጠች።

«ሂድ አምጣ። እናትህን እኔ እጠብቃታለሁ። እሷ የእኔን ልጅ ቁጭ ብላ ጠብቃዋለች።»

ካቦው ወደ እናቱ ሬሳ ዞሮ አየ። ከዚያ ሄደ። የሄደው በጓደኛዬ ጋሪ ነው። ጓደኛዬ ፈረሱን አላጣደፈም፤ በኋላ ነገረኝ።

ከረጢት ይዘው ተመለሱ። ዳኛው ተቀብለው መሬት ላይ አፈሰሱት። ብዙ ነው። አንዳንዱ ፎቶው ደብዝዟል። ጓደኛዬ ተንበርክኮ የእህቱን ፈለገና አገኘ፤ ደረት ኪሱ ከተተው፤ ኪሱን በእጁ ያዘ። «የቀሩት እስኪደርሷቸው እድሩ ዘንድ ይቀመጣሉ» አሉ ዳኛው። ካቦው አልተቃወመም።

የወንድሜ በላስቲኩ እንዳለ ነው። እናቴ እንደጠቀለለችው። ካቦው አልፈታውም እንኳ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከሁሉ ያ አንገበገበኝ። ፈታሁት። ፎቶው ላይ የለበሰው የእኔን ሹራብ ነው። ፎቶ ሊነሣ ሳላውቅ ወስዶት ነበር ማለት ነው። አንገቱ ጠቦታል። ለእናቴ ሰጠኋት። ሳታየው ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ገብቼ ቆፈርኩ። ለአሮጊቷ ደህና አድርጌ ቆፈርኩ። ጎን ጎኑን አስተካከልኩ፤ ሥሩን ጠረግሁ። ሲቀበሩ እናቴ እንደገና አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አልለየሁትም።

ሰዉ ሲበተን ካቦው መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ።

«እንግዲህ ይቅር ተባብለናል።»

ሁለት እጄም አካፋው ላይ ነበር። አላነሣሁም። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

የጓደኛዬ እህት መጣች። የጣቶቿ ቆዳ ተልጧል፤ ጨው መንካት አትችልም። ሌሎችም መጡ። እዚያው መሥራት እንፈልጋለን ብለው የቀሩም አሉ። እነሱ ግን ሲፈልጉ መሄድ ይችላሉ። ወንድሜ የጠየቀው ይህችን ብቻ ነበር።

ካቦው አሁንም ሠራተኛ ይወስዳል። ከየትም ቢወስድ መታወቂያ አይዝም አሉ። የመኪናው ረዳትም ይህንኑ ይላል። ሰዎች ልብ ገዛ ይላሉ። እኔ አልልም። ሰው ሁሉ ይሞታል፤ እሱም ይሞታል። ልጆቹ ገና ትንንሽ ናቸው። የሚቆፍርለት እድር ደግሞ አንድ ነው፤ የእኛው።

አካፋዬን ቀብር ባለ ቁጥር አጥቤ በራችን ላይ አቆመዋለሁ። እናቴ ወደ ጓዳ አስገባው ትለኛለች። አላስገባውም። ካቦው ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው።