ያልታየ መድፍ አይተኩስም

ልጄ ሳሎን ቁጭ ብላ የጥፍር ቀለም ስትከፍት ሽታው ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ሌላውን ሰው ሠርግ ያስታውሰው ይሆናል። የእኔን ቆሽት ግን ያሳርረዋል፤ ትዝ የሚለኝ የጦር መርከብ ነውና። አትሳቁ፤ ነገሩን ስትሰሙ እናንተም ትናደዱልኛላችሁ።

ያኔ በልጅነቴ ቤታችን ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከአጎታችን ልጅ ኮምፒውተር ላይ የመርከብ ጦርነት ጨዋታ ሕግ አምጥቶ የሰፈሩን ወንዶች በሙሉ አሳበደ። ባሕር በሌለው አገር ሰፈሩ አድሚራል በአድሚራል ሆነ። ሳሎናችን ሊሾ ላይ የጫሞን ሐይቅ በጠመኔ ይስላሉ፤ የመጫወቻ መርከቦቻቸውን በክር እየለኩ ያስኬዳሉ፤ የሉዶ ዳይስ ጥለው ይተኩሳሉ። የሐይቁ አዞዎች የሚሰበሰቡበት ተብሎ የተሰመረው ጥግ የቆመች መርከብ ተራ ያልፋታል። ከሁሉ የከበረው ሕግ ግን "ያልታየ መድፍ አይተኩስም" የሚለው ነበር። መርከቧ ላይ ተሠርቶ በዓይን ካልታየ፣ አለኝ ብሎ መተኮስ የለም።

መድፉን የምሠራው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከገበያ የሚገዙት መርከብ መድፉ ጣት የሚያክል፣ የሕፃን መጫወቻ ነበር። ያንን በምላጭ ቆርጬ እጥልና ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ በወጣ ቀጭን ሽቦ እተካዋለሁ። ምሰሶው ስቴኪኒ ነው። የዳር መደገፊያውን የምሠራው የጫሞ ዓሣ አጥማጆች ከጣሉት አሮጌ መረብ ክር እየመዘዝኩ ነበር። ከጎረቤታችን ጸጉር ሠሪ የለመንኩትን ነጭና ጥቁር የጥፍር ቀለም ቀላቅዬ ግራጫ እቀባቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ፣ የመዘምራን ልምምድ ከሩቅ እየተሰማ፣ በበሩ በሚገባው ብርሃን አጎንብሼ እውላለሁ። መረቡ ቢታጠብም ዓሣ ዓሣ ስለሚል እናቴ "ኧረ ይሄን ነገር አውጪልኝ!" ትል ነበር።

ከሴቻ ሰፈር ልጆች ጋር ሊገጥሙ ሲሉ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ለመነኝ።

"የእኔ እህት፣ ሁሉንም አሳምሪልኝ። አንዷን ራስሽ ትመሪያለሽ።"

አመንኩት። ትንሿንና ፈጣኗን ለራሴ ለይቼ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ተጨነቅኩባት። እንዴት እንደማስኬዳት ተኝቼም አስብ ነበር።

የግጥሚያው ቀን ወለሉ ዳር ልቀመጥ ስል ወንድሜ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ቦታ የለም። ይልቅ ውሃ አምጪልን" አለ። ቦታ የለም! እግራቸውን ዘርግተው ለተቀመጡት ሁሉ ቦታ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ውሃውን አላመጣሁም። በሩ ላይ ቆሜ የእኔ መርከብ በሌላ ልጅ እጅ ስትሄድ አየሁ። ያውም ወስዶ አዞዎቹ ጥግ ገተራት!

ቢሆንም መድፎቼ ሁሉም ይታዩ ነበርና የሰፈራችን ልጆች አሸነፉ። የሴቻዎቹ መሪ፣ ረጅም ዝምተኛ ልጅ፣ አንዷን መርከብ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አስጠጋት።

"ማነው የሠራት?"

ወንድሜ ዓይኑን በጨው አጥቦ "እኔ ነኝ" አለ።

ደሜ ፈላ። ገባሁና "አንተ ከሠራሃት መደገፊያዋ ከምን እንደሆነ ንገረው" አልኩት። "ፕላስቲክ ነው" አለ። የሴቻው ልጅ መርከቧን አሸተታት።

"የዓሣ መረብ ነው እንጂ" አለና ጠጋ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። "ነይ ተቀመጪ። በሚቀጥለው አንቺም ትገጥሚናለሽ።"

ሳልቀመጥ ወንድሜ መርከቦቹን እየለቀመ ካርቶን ውስጥ ወረወራቸው። "ከሴት ጋር ጨዋታ የለም!" ብሎ ጠመኔውን በእግሩ ጠረገው። በማግስቱም አልተጫወቱም፣ በሳምንቱም። ለእኔ አንድ ቦታ ከመልቀቅ ጫሞን ራሱን ማጥፋት ቀለላቸው። መርከቦቹ የት እንደደረሱ እስከዛሬ አላውቅም።

ወንድሜ ዛሬ ደግ ሰው ነው። ከላንቴ ለልጆቼ ሙዝ ጭኖ ይመጣል፤ ስታመም ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስልኝም እሱ ነው። ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት "እነዚያን መርከቦች የምትሠራው እኮ እህቴ ነበረች" ብሎ ተናገረ። ሁሉም አደነቁኝ። እሱም ዕዳውን እንደከፈለ ሰው ፊቱ በራ። እኔም እንዳይከፋው ፈገግ አልኩለት።

እንደሠራኋቸውማ ሁልጊዜም አውቃለሁ። እኔ የፈለግኩት መጫወት ነበር።