ውሃው የጠራበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቦንቱ ከስልኳ ቀና ብላ «አካኮ፣ ትንሽ በረኪና ጠብ ባደርግበትስ?» አለችኝ። ቦንቱ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ። መስኮቱ ሥር ባስቀመጠችው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ቀያይ ዓሣዎች አሏት። ውሃቸው ከፋሲካ ወዲህ አረንጓዴ ሆኖ፣ እነሱ ሲያልፉ ጥላቸው ብቻ ነው የሚታየው። በረኪና ስትል ዞር አልኩ። ባለቤቴ ጫልቱ ጥግ ላይ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቢላዋዋ ቆመ። ከዚያ መላጧን ቀጠለች።

እኔና ጫልቱ ስንጋባ ሌላው ሰው ብርድ ልብስና ትሪ ሲያመጣ፣ አዲስ አበባ ይሠራ የነበረው ታላቅ ወንድሟ የዓሣ ገንዳ ይዞ መጣ። ዓሣዎቹን በጀሪካን፣ መስታወቱን በፍራሽ ጠቅልሎ፣ ያን ሁሉ መንገድ። እኔ ግንበኛ ነበርኩ። ቤታችንን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፤ ትልቁን መስኮት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መንገዱ ያዞርኩትም መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው ብዬ ነው። ስለዚህ ገንዳው የት ይቀመጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ክብር ያለው ዕቃ ብርሃን ላይ ነው የሚቀመጠው።

በእኛ አገር ደግሞ ዓይን እያየው ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ዳቦም ይሁን የበቆሎ ቂጣ፣ ወደ አፉ ከማድረሱ በፊት ለዓሣዎቹ ቆርሶ ይጥላል። «እያዩኝ እንዴት ይዋጥልኛል?» ይላል። እኔም ብሆን የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር በቅቤ ስበላ ቅንጣት ታህል አልነፍጋቸውም ነበር። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ። ቀጥሎ የጎመን ቅቅል ያፈሰሱበት መሰለ። ሚያዝያ ሲያልቅ ገንዳው ውስጥ ዓሣ አለ ብትለው የሚያምንህ ሰው አልነበረም።

ሰፈር አፍ አለው። «ሙሽሪት ገንዳ ማጠብ ያቅታታል እንዴ?» ተባለ። ጫልቱም ሰማች። በየማለዳው ግማሹን እየቀዳች በንጹሕ ውሃ ትተካለች፤ ሳይውል ሳያድር ያው አረንጓዴ ነው። ጭንቋ ደግሞ ወላጆቿ ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችንን ሊያዩ ከአርጆ ሊመጡ ነው። እናት ልጇን ድራ ቤቷን ልታይ ስትመጣ፣ የምታየው የገዛ አስተዳደጓን ነው።

እዚህ ላይ ወጋችንን ልናገር። አማች ከሚስቱ እናት ጋር ፊት ለፊት አያወራም። ሶዳ ይባላል። ስማቸውን አይጠራም፣ እሳቸውም የእሱን አይጠሩም፣ አንድ ገበታ አይቀርቡም። የሚባባሉት ነገር ካለ በሌላ በኩል ያልፋል፤ በልጅ፣ በድመት፣ ከጠፋም በግድግዳ። አባቴ ከጎጃም የመጣ ቢሆንም እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ይህን አውቃለሁ። ስማቸውን ዛሬም አልጽፈውም።

ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጀመሪያው ዝናብ መንገዱን ካቦካው በኋላ በጭነት መኪና ደረሱ። ቅቤና አንጮቴ ይዘዋል። አማቴ፣ የጫልቱ እናት፣ ነጠላቸውን በእኔ በኩል ባለው ጉንጫቸው ላይ ሳብ አድርገው ገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። ብዙ አዩት። ከዚያ ለዓሣዎቹ ተናገሩ።

«ወዮ፣ ምስኪኖች። እኛ ቤት ሁለት የከብት ገንዳ አለ። ሜዳ ላይ ያለው እንዲህ አረንጓዴ ይለብሳል። ዋርካው ሥር ያለው ግን ጥርት እንዳለ ነው። እናንተም ጥላ ብታገኙ፣ ጉርሻውም ቢቀርላችሁ፣ ውሃችሁ በራሱ ጊዜ ይመለስ ነበር።»

«ዓሣዎቹስ ሰምተዋል» አሉ የጫልቱ አባት፣ «ባለቤቱን እንጃ።»

በደንብ ነው የሰማሁት። ያናደደኝም መስማቴ ነው። በገዛ መስኮቴ ሊያርሙኝ? ሲሚንቶ ሳቦካ የምውል ሰው የውሃን ነገር ከከብት ገንዳ ልማር? አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ እሑድ ወላጆቿ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጫልቱ ጓሮ ባለው ማድ ቤት ምሳ እየሠራች ነበር። እኔ ወገቤን አሞኛል ብዬ ቀርቼ ወደ ጉራጌው ሱቅ ብቅ አልኩ።

«በረኪናው ለምንህ ነው?» አለኝ።

«ለዓሣ።»

«ዓሣ ልታጥብ? ዓሣ እኮ ዕድሜ ልኩን ሲታጠብ ነው የሚኖረው።»

ሳልስቅለት ወጣሁ። ዓሣዎቹን በባልዲ አወጣሁ፣ ገንዳውን በበረኪና ፈተግሁ፣ አንዴ አለቅልቄ አዲስ ውሃ ሞላሁበት። እንዳይመለስ ብዬ ደግሞ ጥቂት በረኪና ጠብ አደረግሁበትና ዓሣዎቹን መለስኳቸው። ውሃው እንደ ዓይን ጠራ። ማዶ ያለው የማንጎ ዛፍ ሳይቀር በውስጡ ይታይ ነበር። እንደዚያ በሥራዬ የኮራሁበት ቀን ትንሽ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለት ጎረቤቶች ተከትለዋቸው ገቡ። አባቷ «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አሉና ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። «ተኝተው ነው?» አሉ ቆይተው። ዓሣዎቹ በጎናቸው ጋደም ብለዋል። አንዱ ብቻ አፉን ይከፍት ይዘጋ ነበር። ከዚያ እሱም ተወው።

«ማነው ያጠበው?» አለች አንዷ ጎረቤት።

ጫልቱ ያን ጊዜ ትሪ ይዛ ከጓሮ እየገባች ነበር።

«እሷ ናት» አልኩ። «በረኪናውን በደንብ አለቅልቂው ብያት ነበር።»

ጫልቱ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። አላስተባበለችም። እኔንም አላየችኝም፤ ዓሣዎቹን ነው ያየችው። ጎረቤቶቹ ተያዩ። የሰፈሩ ወሬ በባሏ አፍ ጸደቀ።

አማቴ ተነሡ። ነጠላቸውን ከጉንጫቸው አወረዱና ፊት ለፊት አዩኝ። ዓይናቸው ምን እንደሚመስል ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«ዘውዴ» አሉ።

ስሜን ነው የጠሩት። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እጅህ ይሸታል።»

ነጠላቸውን መልሰው ሳቡና ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ወጉንም መልሰው ያዙት፤ በልጆቼ በኩል ሰላም ይሉኛል፣ ስሜን ግን ዳግመኛ አልጠሩም። ቢቆጡኝ እችለው ነበር። ያልቻልኩት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ወግ ለእኔ ውሸት ሲሉ ማፍረሳቸው ነው። ዓሣስ ይሞታል። ባዶው ገንዳ የበቆሎ ዘር ማስቀመጫ ሆነ። ጫልቱም ነገሩን አንስታው አታውቅም። ባልና ሚስት ሲጣሉ የማይመዘዝ ነገር የለም፤ ይህን ግን አልመዘዘችም። አንዳንዴ ምነው በመዘዘችው እላለሁ።

ለቦንቱ «በረኪናውን ተዪው» አልኳት።

«ስልኬ ላይ እኮ…»

«ስልክሽ ከብት ጠብቆ አያውቅም።»

ገንዳውን ተጋግዘን ከመስኮቱ አንስተን ከበሩ ኋላ አስቀመጥነው። ጋቢዬን አለበስኩት። የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ ዳቦ መጣል ከለከልኩ፤ ንፉግ ሽማግሌ ተባልኩ፣ ይባል። ዛሬ ጠዋት ጋቢውን ገለጥ ሳደርግ ውሃው መሳሳት ጀምሯል። የአንዷ ጭራ ታየኝ።

ጫልቱ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ወደ እኔ አልዞረችም። እንደ እናቷ ለዓሣዎቹ ነው የተናገረችው።

«የእናቴን ምክር የሚሰማ ሰው አገኛችሁ። ይዘግይ እንጂ።»

መልስ መስጠት ፈለግሁ። በዓሣዎቹ በኩል ማሳለፍ ይቻል ነበር፤ ወጉ የተሠራው ፊት ለፊት ለማይነገር ነገር ነው። እኔ ግን የጋቢውን ጫፍ መልሼ አስተካከልኩ። እጄን እያየችው እንደነበር አውቃለሁ።