ልጄ ዜሮ ያስጻፈችባቸው ሳምንታት

በኮሮና ሳቢያ ሜዳዎች ለወራት ተዘግተው ከቆዩ በኋላ ልጆች እንዲጫወቱ በተፈቀደ ሰሞን የልጄ አሰልጣኝ ሱቃችን ድረስ መጣች። ከባለቤቴ ጋር ፎርድስበርግ ውስጥ መጋረጃና አንሶላ እንሸጣለን። አሰልጣኟ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ እኛ በምንኖርበት በሮዘተንቪል ሴት ልጆችን እግር ኳስ ታሠለጥናለች። ማስኳን እንዳጠለቀች መጋረጃዎቹ መሃል ቆማ፣ «አገርሽ ነርስ ነበርሽ ትላለች ልጅሽ። እውነት ነው?» አለችኝ።

«ድሮ ነው» አልኳት። ወራቤ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጆሃንስበርግ ከመጣሁ ወዲህ ግን ስለዚያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«የሚያክም አይደለም የምፈልገው፣ የሚጠይቅ ነው» አለች። «ልጆቹ ስንት ወር ቤት ተቀምጠው ነው የመጡት። አንዷን እግሯን ያማታል፣ ሌላዋ ታስላለች፣ ግን አይነግሩኝም። በየሳምንቱ ማን ምን እንደሆነች የሚመዘግብልኝ ሰው ካለ ሳይብስባቸው እደርስባቸዋለሁ።»

እዚያው እሺ አልኳት። በሽታው በገባበት በመጀመሪያው ብርድ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሞቶብን ነበር። ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው። አምስት ቀን በተከታታይ ስደውልለት፣ «ጉንፋን ናት፣ ደህና ነኝ» ይለኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ስልኩን ሌላ ሰው አነሳው። ነርስ ሆኜ፣ ሳሉን በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ቃሉን ማመኔ ውስጤን በላው። ከዚያ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። የልጄን ትኩሳት በቀን ሦስቴ እለካ ነበር። ሌሊት የተኛችበት ሄጄ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ባለቤቴ፣ «ልጅቷን አስጨነቅሻት» ቢለኝም አልሰማሁትም።

ደብተር ገዝቼ ሥራ ጀመርኩ። እሁድ እሁድ ከቀትር በኋላ ለአሥራ ዘጠኙም ልጆች በስልክ ያንኑ መልእክት እልካለሁ። ያመመሽ ቦታ አለ? ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያህል ያምሻል? የቀረሽበት ልምምድ አለ? ትኩሳት ወይም ሳልስ? ከላክሁ በኋላ ስልኩን ይዤ ከማድ ቤት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ማድ ቤት እመላለሳለሁ። መልእክቴን አንብባ ያልመለሰች ልጅ ካለች አንድ ሰዓት ሳይሞላ እደውላለሁ።

ከሁሉም ቀድማ የምትመልሰው በረኛዋ ነበረች። የዙሉ ልጅ ናት፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖሩት። ድምጿን ቀድታ ነው የምትልክልኝ። «ሳውቦና፣ ማ» ብላ በቋንቋዋ ሰላም ትለኝና ስለ ትንሿ ጣቷ፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ አያቷ ጉልበት ሳይቀር ትተርክልኛለች። ልጄ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ሆና፣ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ሻርፕ፣ ደህና ነኝ ማሚ፣ ዜሮ ብለሽ ጻፊ» ትለኛለች። እኔም ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ በመስመር በኩል የምትሮጥ፣ ፈጣን ልጅ።

አንድ ሳምንት ሦስት ልጆች ምግብ አልሸት አለን ብለው ጻፉልኝ። ወዲያው ለአሰልጣኟ ነገርኳትና ልምምዱን አቆመች። ሌሎቹ ሳይያዙ ቀሩ። «ሲስተር፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ። ሲስተር ተብዬ ከተጠራሁ ስንት ዘመኔ! የዚያን ቀን ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ዋልኩ።

ሁለተኛው ዓመት እንደገባ አሰልጣኟ አንድ ጥያቄ ጨምሪ አለችኝ፤ የወር አበባቸው በየወሩ ይመጣል ወይ የሚል። ሴት ልጅ ብዙ እየሮጠች ትንሽ ስትበላ ይቋረጣል፣ አጥንቷም ይዳከማል ብለው እንዳስተማሯት ነገረችኝ።

«የሰው ልጅ ይሄን እንዴት እጠይቃለሁ?» አልኳት።

«ነርስ አይደለሽም እንዴ?»

ፊቴ እየጋለ ጻፍኩት። ልጆቹ ግን ምንም አልመሰላቸው። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ፣ በረኛዋ ሆዷን እንዴት እንደሚቆርጣት አስረዳችኝ። የራሴን ልጅ ልብስ እያጠፍኩ፣ ፊቷን ሳላይ ጠየቅኋት። «እንደ ሁልጊዜው ነው» አለች። የእሷም መልስ ተጻፈ።

ረመዳን ገባ። እዚህ ያኔ ብርዱ ሊገባ ሲል ነው፤ ቀኑ ያጥራል፣ ጸሐይ በጊዜ ትጠልቃለች። ልጄ ጾማ ትማራለች፣ ጾማ ልምምድ ትሄዳለች፣ አዛን ሊል ሲል ላብ በላብ ሆና ትመጣለች። እንደ እሷ የበረታች ልጅ የለችም እያልኩ ለእህቴ በስልክ አወራላት ነበር።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ለአፍጥር ሳምቡሳ እየጠበስኩ ነበር። ባለቤቴ ተምሩን በሳህን እየደረደረ፣ «ማሻአላህ፣ ዘንድሮስ አንድም ቀን አላፈረሰችም» አለ።

እጄ ዘይቱ ላይ ቀረ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትጾምም። ባለፈው ዓመት ልጄ ስድስት ቀን በልታ በኋላ ከፍላዋለች። ዘንድሮ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ከአባቷ እኩል ጾማለች፤ እኔ፣ እናቷ፣ ነርሷ፣ በጉብዝናዋ ስኮራ ነው የሰነበትኩት። ሳምቡሳው እስኪያርር ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አፍጥረን ሰግደን ስንጨርስ ተከትያት ክፍሏ ገባሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የቀረው?» አልኳት።

ስለምን እንደማወራ ወዲያው ገባት። «አምስት ወር ይሆነዋል» አለች፣ ጣቶቿን እያየች።

«ሌላስ? ሌላ የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

እጇን ካልሲዋ ላይ አደረገች። ካልሲዋን ዝቅ ሳደርገው ቅልጥሟ በፋሻ ተጠቅልሏል። ፈታሁትና አጥንቱን ከላይ ወደ ታች በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። መሃሉ ላይ ስደርስ ጮኻ እግሯን ሰበሰበች።

«ይሄን ፋሻ ማን ነው የሚያስርልሽ?»

«በረኛዋ። ለማንም እንዳትነግር አስምያታለሁ።»

የአያቷን ጉልበት ሳይቀር የምትነግረኝ ልጅ ይህን አንዱን ነገር ዋጥ አድርጋብኛለች። ተናደድኩ። «እኔ እዚሁ ቤት እያለሁ! በየሳምንቱ እየጠየቅሁሽ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትጽፊዋለሽ!» አለች፣ ድምጿ ከፍ ብሎ። «ከጻፍሽው ቤት ያስቀምጡኛል። ሁሉም ነገር ዝግ የነበረ ጊዜ እኔ የት ነበርኩ ማሚ? እዚህ ክፍል ውስጥ፣ አፌ ውስጥ የአንቺ ቴርሞሜትር ተሰክቶ። ሲከፈት አንድ መሄጃ አገኘሁ፤ እሱንም ልትወስጂብኝ?»

የፈታሁትን ፋሻ መጠቅለል ጀመርኩ። ቀስ ብላ ጨመረች፦ «ሲከፈት ደግሞ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? ‹አቤት ስትወፍሪ!› አልሽኝ። በጓደኞቼ ፊት።»

አስታወስኩ። በእኛ አገር ይህ ምርቃት ማለት ነው፤ ልጄ ተመችቷታል ማለት ነው። እሷ ግን እዚህ ነው ያደገችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዋን ትምህርት ቤት ለጓደኞቿ ታካፍል ነበር፤ ማታ ደግሞ በልቻለሁ እያለች ትነሳ ነበር።

በማግስቱ ጸሐይ ሳትወጣ ክሊኒክ ሄደን ተሰለፍን። ሰው ሁሉ በማስክ፣ ተራርቆ፣ የሚያስለውን በዓይኑ እየሸሸ ነው የቆመው። እኔ አሥር ጊዜ ከሰልፉ እወጣለሁ፣ አሥር ጊዜ እመለሳለሁ። ልጄ ግድግዳ ተደግፋ፣ «ማሚ፣ እባክሽ ቁሚ» ትለኛለች።

ያየቻት ሐኪም ሂጃብ የለበሰች ወጣት ነበረች። ራጁን አይታ፣ ደግማ ነካክታ፣ አጥንቱ በጫና ብዛት መሰንጠቅ ጀምሯል አለች። ካላረፈች ይሰበራል።

«ከጾሙ ይሆን?» አልኳት።

«አምስት ወር ነው አላለችም? ጾም የገባው በቅርብ ነው። የምትሮጠውን ያህል አትበላም፣ ነገሩ ይኸው ነው» አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች። «አንቺ የታመምሽ ሰው ነሽ፤ የቀሩትን ቀናት ስትድኚ ትከፍያቸዋለሽ። አሁን ውጪና አንድ ነገር ብዪ።»

ታክሲ መጠበቂያው ጋ ትኩስ የድንች ጥብስ ገዛሁላት። ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ በላች። እኔ እየጾምኩ አጠገቧ ቆምኩ። 

ደብተሩን ይዤ አሰልጣኟ ዘንድ ሄድኩና እያለቀስኩ፣ «ሌላ ሰው ፈልጊ። የራሴን ልጅ እንኳ መጠየቅ አልቻልኩም» አልኳት።

ገጾቹን ገላለጠች። በልጄ ስም ትይዩ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። «ዋሽታሽ አይደለም» አለችኝ። «ፈርታ ነው። አሞኛል ያለችኝን ሁሉ ወደ ቤቷ የሚልክ ማን ነበር? እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ደንቡን ለወጠች። የተጎዳች ልጅ ልምምድ ትመጣለች፣ መለያዋን ትለብሳለች፣ ከቡድኑ ጋር ትቀመጣለች፤ ቦታዋ አይወሰድባትም። የእኔን ልጅ ራሷ አሰልጣኟ ልትጠይቃት፣ የቀሩትን እኔ ልጠይቅ ተስማማን። ለልጄ ስነግራት «ይሻላል» ብቻ አለችኝ።

የበሽታው ሦስተኛ ማዕበል መጥቶ ሜዳዎቹ ዳግመኛ ተዘጉ። ሌሎቹ ልጆች ሲያዝኑ የእኔዋ ማንም ሳያልፋት አረፈች። ቴርሞሜትሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ምሳ አብረን መብላት ጀመርን፤ መጀመሪያ ላይ በግድ፣ በኋላ እያወራን። አንድ ቀን ከሱቅ ስንመለስ ድንገት፣ «መጥቷል» አለችኝ። «ለአሰልጣኟ ነግሬያታለሁ። አንቺም እወቂው ብዬ ነው።» አልሐምዱሊላህ ስል ድምፄ ከፍ ስላለ ሳቀችብኝ።

በጸደይ ወደ ሜዳ ተመለሰች። በመጀመሪያው ጨዋታ የተፈቀደላት ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር። የድሮ ፍጥነቷ ገና አልመጣም። በሰባተኛው ደቂቃ ይሁን በስምንተኛው አንዲት ረጅም ተከላካይ ገጭታ ጣለቻት፤ ልጄ ቅልጥሟን ይዛ ቁጭ አለች። አጥሩን ይዤ ልሻገር አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። አሰልጣኟ ወደ ሜዳው ገባች፣ ጎንበስ ብላ አናገረቻት፣ ልጄም መለሰችላት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ከዚያ ተነሳችና ካልሲዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ሮጠች። እግሬን አወረድኩ፤ ዳኛው ፊሽካውን እስኪነፋ ድረስ በአጥሩ ዳር ስንጎራደድ ቆየሁ።