ማገናኛ ነዳፊዋ

በቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው እሷን ነው። የጀልባ ሬዲዮ ኬብል ማገናኛ የምትነድፈው መሐንዲስ ግን የአውራ ጣት ጫፍ የምታህለውን የናስ ማገናኛ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ እያለች ታጠብቃለች። አዲሱ ቴክኒሻን ይህን ልማዷን አይቶ አይጠግብም። "በማዕበል መሐል በጨለማ የሚያጠብቀው ሰው ዓይኑ አይሠራለትም" ብላዋለች አንድ ቀን። ጸጉሯን ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ በሙቀትም በብርድም የማታወልቀው የወንድ ሹራብ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል።

"እንዴት ሆነ?" አሏት ሥራ አስኪያጁ። "ጀልባዎቹ ነገ ይነሳሉ። መለኪያው አልፏል ብሏል እኮ።"

"መለኪያው ያየው ደረቁን ነው። ይሄ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሰነበተው ነው፤ ላልቷል።"

"የጸጉር ያህል ላላ ተብሎ ነው ይሄ ሁሉ?"

"ለውኃ የጸጉር ያህል ይበቃዋል። እኔ እሺ አልልም።"

የሥራ አስኪያጁ ፊት ጠቆረ። መጨረሻ ላይ ስልካቸውን አንስተው፣ ጀልባዎቹ እንዲቆዩ እየተናገሩ በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ቴክኒሻኑ ጠጋ አላት። "እትዬ፣ በእንዲህ ያለ ነገር የጠፋ ሰው ያውቃሉ?"

ናሱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

"ወንድሜ ከባሕር በሬዲዮ ሲጣራ ማዶ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ" አለችው። "ስሜን ጥርት አድርጌ ሰማሁ። ያለበትን ቦታ ሊነግረኝ ሲል ተቆረጠ።"